ዐሥር ማይክሮ ሰከንድ

ቫሳ ላይ ጥር ነው፤ ባሕሩ እንደ እርጎ ረግቷል፤
ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቀኑ ሱቁን ዘግቷል።
እኔና ቬይኮ ቆመናል፣ ከወፍራሙ መስታወት ማዶ
ትራንዚስተሩ ለብቻው፤ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ሳጥን፣ ዙሪያው ባዶ።

ቬይኮ በግራ ዓይኑ ላይ ቅንድብ የለውም፤
አንድ ሞጁል ፈንድቶ ወሰደው፤ ያን ቀን ግን አያወራውም።
መደርደሪያው ላይ የሞቱትን ደርድሯል በየዓመቱ፣
የአንዱ ሆድ ተቀዶ፣ ጥላሸት ለብሶ የአሉሚኒየም ክር አንጀቱ።
«ፊውዝ አልነበረውም?» ብዬው ነበር በመጀመሪያው ሳምንት።
«ነበረው» አለ፤ «ፊውዝ ለቀብር እንጂ ለጣር አይደርስም፣ ልጂት።»

ዐሥር ማይክሮ ሰከንድ ነው የተሰጠን በሙሉ፤
ዓይን አንዴ እስኪርገበገብ፣ ዐሥር ሺህ እንዲህ ያሉ ዕድሜዎች ያልቃሉ።

የሠራሁለት ዘብ ጥፍር የምታህል ሰሌዳ ናት፣
በሩ ሥር ተቀምጣ ቮልቱን የምታዳምጥለት።
ግን ገና ሲበራ፣ በደኅናም ቀን፣ ቮልቱ ለአፍታ ከፍ ይላል፤
የቸኮለ ዘብ ያንን አይቶ «ሌባ!» ብሎ ይጮኻል።
ስለዚህ ሁለት ማይክሮ ሰከንድ ዓይኗን እንድትጨፍን አዘዝኳት፤
ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ ዕውርነትን ለክቼ ሰጠኋት።

ባለፈው ወር ሰባት ገደልኩ። ዘቧ አላንቀላፋችም፤
አየች፤ በሩን ወርውራ ዘጋች፤ መዝጋቷ አላዳናቸውም።
የሚሮጥ ኮረንቲ ድንገት ሲታገድ፣ ቁጣው ወደ ላይ ይዘላል፤
ከሾርቱ የተረፈውን የበሩ ምት ይገድላል።
ቬይኮ ያን ጊዜ፦ «በር መዝጋት ቤትሽ አልተማርሽም?
ሕፃን ያስተኛ ሰው እኮ በሩን እንዲህ አይወረውርም።»

እናም አንዲት ሬዚስተር ጨመርኩ፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣
ጣቷን መቃኑ ላይ አኑራ፣ በሩን ቀስ አድርጋ የምትመልስ።

ዛሬ።
የመዳቡ ዘንግ ወረደ። ሁለት ሺህ አምፔር።
ከኦሲሎስኮፑ ላይ አረንጓዴዋ መስመር
ተራራ ወጣች፣ ጫፉ ላይ ጥቂት አመነታች፣
ከዚያ እንደ አሮጊት፣ መደገፊያውን ይዛ፣ ደረጃ በደረጃ ወረደች።

ፍንዳታ የለም። ሽታ የለም።
ሳይሚ መጥረጊያዋን ይዛ ብቅ አለች፦ «ምን ተፈጠረ?»
«ምንም» አልናት፤ ቬይኮ ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበረ።
ሞጁሉን ፈታ፤ ለብ ብሏል። በልማዱ ይዞት ሄዶ
ወደ መደርደሪያው፣ ከሞቱት ጎን ሊያኖረው እጁን ዘረጋ፤
ቆመ። «ገና ነው» አለ፤ መልሶ አሰረው። «ነገም ይፈተን፤ ይንጋ።»