የአሸዋው ወለል

ዓርብ ዓርብ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ የሱሪናም ወንዝ መዳብ ሲመስል፣
አፊባ በራሷ ቅርጫት አሸዋ ትሸከማለች፣ ነጩን ለይታ እንደ እህል።
ወደ ምኩራቡ ትወጣለች፤ የቀይ ጡቡ ግንብ ትኩሳቱን ገና ያልለቀቀ፣
ከሸንኮራው መጭመቂያ የመጣ ጭስ በጣሪያው ሥር የተደበቀ።

ወለሉ አሸዋ ነው። ለምን እንደሆነ በር ላይ ቆማ፣
ሻማ ይዛ፣ እንዳልሰማች ሆና ሰምታለች፦
ጌቶቿ በሊዝቦን ሳሉ፣ ጸሎት በእሳት በሚያስቀጣበት ዘመን፣
ምድር ቤት አሸዋ በትነው፣ ኮቴ እንዳይሰማ፣
አምላካቸውን ይጠሩ ነበር በሹክሹክታ፣ በጨለማ።
ይህን በሰማች ቀን ልቧ ራርቶ ነበር።
እሷም ታውቃለች ኮቴ መደበቅ፣ ሌሊት አጥር መሻገር።

ነስንሳ ስትጨርስ፣ ጥቅልሉ ከሚያድርበት ትነሣለች በመጥረጊያዋ፣
ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ የራሷን ዱካ እያጠፋች እስከ መውጫዋ።
ቅዳሜ ሰዎቹ ሲገቡ ወለሉ ዛሬ የተፈጠረ ነው፤
ማን አመጣው ብሎ የሚጠይቅ ማነው?

በዝቅተኛው አግዳሚ፣ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት፣
ልጇ ሀናንያ አለ፤ የጌታዋ የቤንቱራ ዓይን ያለበት።
ተገርዟል፤ ዳዊቱን በቃሉ ይወጣዋል፤
ወደ ጥቅልሉ ግን አይጠራም። ደሙ፣ ይላሉ፣ እኩሌታው ይቀረዋል።

የፋሲካ ማታ ነበር። የብር መቅረዝ፣ ቂጣ፣ መራራ ቅጠል።
ቤንቱራ ትራስ ተደግፎ ስለ ጡቡ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ጅራፉ ሲተርክ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።
የምር ነው የሚያለቅሰው፤ አፊባም ይህን አትክድም።
እንስራ ይዛ ከጀርባው ቆማለች፤ የሷ እጅ አልተንቀጠቀጠም።
«ባሕሩ ተከፈለ» አለ።
አዎ፣ ተከፈለ።
ለነሱ ባሕሩ፤ ለእሷ፣ በባሕሩ ዳር፣
ዋጋዋ፤ ሁለት በርሜል ባሩድና አንድ ጥቅል አቡጀዲ ነበር።

(በእኔ ቋንቋ፣ ሰው ሲቸኩል፣ ፊደል ፊደልን ይውጣል፤
«በአርነት እንብላ» ያለ አፍ «ባርነት እንብላ» ይላል።
እነሱ ያወሩት በፖርቱጋልኛ ነው፤ ስህተቱ የእኔ ብቻ ነው።
ግን ማዕዱን ሳየው፣ ማዕዱን ሳየው…)

ትንሹ ጋድ፣ ጠይቅ የተባለውን ጠይቆ ዝም ማለት የነበረበት፣
ቂጣውን እንደያዘ ዞረ፣ ወደ ቆመችበት፦
«የአፊባስ ፈርዖን መቼ ሰጠመ?»
ማንኪያ ሁሉ ሳህን ላይ ቆመ።
ቤንቱራ ወይኑን ጠጣ። «ቀጥሉ» አለ። ቀጠሉ።
ምግቡም ጥሩ ነበር፣ አሉ።

በነጋታው ወንዶቹ መጥተው ከደጃፉ ላይ ቆሙ።
ከጥቅልሉ ፊት እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ጫካው ጥግ ድረስ፣
የባዶ እግር ዱካ። የሚሮጥ ሰው አይደለም፤
ተረከዙ ጠልቋል፣ ረጋ ብሎ፣ ሳይደመሰስ።
አሸዋ ኮቴ ይደብቃል ያሉት እነሱ ናቸው፤
ሌሊቱን ሙሉ ማንም አልሰማትም በጓሯቸው።

በዓል ነውና ጠመንጃ የያዙት ቅጥረኞች ነበሩ።
ውሾቹ ረግረጉ ዘንድ ደርሰው ቀሩ።
ከወንዙ ላይኛው፣ ያመለጡት ከሚኖሩበት፣ አንድ ሌሊት ከበሮ ተሰማ፤
ስለ እሷ ይሁን፣ ስለ ሌላ፣ የነገረን የለማ።

ሀናንያን ጠሩት፦ «አስተካክለው፤ ጸሎቱ ዘገየ።
በዓል ነው፣ ለእኛ ሥራ አይገባም።»
«እኛ» በተባለው ውስጥ እሱ አልነበረበትም።
መጥረጊያውን ተቀበለ፤ ወለሉን አየ።
ጸሐዩ በመስኮቱ ገብቶ እያንዳንዱን ጣት ለየ።

ጫማውን አወለቀ።
አንድ ሽማግሌ ሳለ፤ ሌላው ጉሮሮውን ጠረገ።
ቀኝ እግሩን በመጀመሪያው ዱካ ላይ አሳረፈ፤
አልበቃውም፤ ጠርዙ ተናደ።

እስከዚያች ጠዋት አያውቅም ነበር
የእናቱ እግር ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን።