ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ

የካ አባዶ፣ ብሎክ መቶ አርባ ሁለት።
ደረጃው ሥር ቢጫ ጀሪካን፣ ቧንቧ የተቀጠለለት፤
ከጎኑ ሳሙና፣ በልጅ ካልሲ ታስራ፣
ሌባ እንደተፈራላት ፍየል ከብረቱ ላይ ተቋጥራ።
ጋሽ ቱሉ በዱላው ጫፍ እሷኑ እያሳየ
«እጅ!» ይለኛል፤ ፊቴን ሳያይ ወር ቆየ።

ሚያዝያ ነው። ታክሲው ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ ያስከፍላል፤
አንዱ ጉሮሮውን ቢጠርግ፣ ሁሉም መስኮት ላይ ይንጠለጠላል።
«ጠጋ በሉ» ሲል ያደገ ረዳት «ራቅ በሉ» ማለት ቢያቅተው፣
«ጠጋ… ራቅ…» ብሎ ብሎ፣ ሳቅ ሲያመልጠው ተወው።
ሳቁም ከጭምብሉ ሥር ቀረ።

ፌርማታው ላይ መኩሪያው፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣
እጁን ዘርግቶ መጣ፤
እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ።
የተዘረጋው እጅ ዞሮ ፀጉሩን አከከ፣
ድሮም ለዚያ እንደተነሣ ሁሉ።

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣
ደሞዜ ለሁለት ተከፍሎ፣ ጠመኔ በኮቴ ኪስ ዱቄት ሆኖ ቀርቶ፣
ሦስት ዓመት የተደገፍኩትን ግድግዳ ገና አሁን ሰማሁት፦
የዓባይን ገባር ሁሉ በቃሉ የሚጠራ ሰው
ከራስጌው አንድ ክንድ ማዶ ያለውን አገር አያውቀው።

ስሟን አላውቅም። «ባለ ሰማያዊ ባልዲ» ነው የምላት በልቤ፤
ሐሙስ ሐሙስ፣ ውሃ ሲመጣ፣ ደረጃ ላይ ሰላም የምላት በቅንድቤ።
ማታ ራዲዮኗ ይቆጥራል፦ የተመረመረ፣ የተያዘ፣ ያገገመ፣ የሞተ።
ከዚያ ይጠፋል። ከዚያ ሳል፤ ደረቅ፣ ሁለቴ።
ትንፋሼን እይዛለሁ፣ እንደ ሌባ፣ በገዛ ቤቴ፣
ሦስተኛው እንዳይመጣ እየለመንኩ።
ለሷ ይሁን ለራሴ፣ እሱ ይወቀው።

አንድ ጠዋት የበሬ እጀታ ላይ ፌስታል።
ሁለት ሎሚ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣
ከደብተር የተቀደደ ወረቀት፦
«በግድግዳው ሰማሁ፤ ስታስል አመሸህ።»

ሎሚዎቹን በበረኪና አጠብኳቸው።
አላፍርም ልል ነበር። አፍራለሁ።

ማታ፣ ቁጥሩ ተነግሮ ሲያበቃ፣ በጣቴ ግድግዳውን መታሁ፣ ሁለቴ።
ቆየት ብሎ ከማዶ ሁለት መጣ።
ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ፤
ደጅ ለደጅ ያላወራነውን
በሲሚንቶ ተጨዋወትን፤
አለህ? አለሁ።
አለሽ? አለሁ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
አንድ ሰኞ፣ እሷ ሳትመታ እንቅልፍ ወሰደኝ።
ማክሰኞ ጠዋት የዕድሩ ጥሩምባ በብሎኮቹ መሃል ዞረ፦
«ወይዘሮ ትርንጎ ደስታ አርፈዋል!»
ትርንጎ።
ሎሚ የሰጠችኝ ሴት ስሟ ትርንጎ።

«ስኳር ነው፣ እሱ አይደለም» አሉ ቶሎ፣ ማንም ሳይጠይቅ።
ድንኳን ክልክል፤ ከሃምሳ ሰው በላይ ክልክል፤
የዕድሩ ወንበር እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ መጋዘን ተኝቷል።
ልጇ ሁመራ ነው፤ መንገድ ላይ ነው አሉ፣ ከዚያ ዝም አሉ።
አስከሬኑ ሲወጣ ሰው ሁሉ በየበረንዳው ቆመ፣
ካልተሰበሰበ እርጥብ ልብስ መሃል፤
አምስት ፎቅ ለቅሶ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደረ።
ከአራተኛ ፎቅ አንዷ ታወጣለች፣ ምድር ቤት ይቀበላል፤
ደረቱን ሁሉም ለየብቻ ይመታል፣
የሚይዝ እጅ የለም።
ጋሽ ቱሉ ባርኔጣውን አውልቆ በሩን ከፈተ።
«እጅ» አላለኝም።
ፊቴን አየኝ።

ማታ ራዲዮውን ራሴ ከፈትኩ፦
የተመረመረ፣ የተያዘ፣ ያገገመ፣ የሞተ።
እሷ በቁጥሩ ውስጥ የለችም።
ተነሥቼ ግድግዳውን ሁለቴ መታሁ።
የቀለሙ ኖራ ጣቴ ላይ ቀረ፣ እንደ ጠመኔ።
ሳልታጠብ አደርኩ።