የደርሶ መልስ ትኬት

ጀልባዋ ከካሮላይና ወደብ ሦስት ሰዓት ተነሣች፤
አሥራ ሰባት ነበርን፤
አንዱ ውሻ ይዞ መጥቶ "ውሻ አይገባም" ቢሉት ቀረ፣
አሥራ ስድስት ሆንን።

የፓርኩ ጠባቂ ዌንደል ይባላል፤
ፊቱ ገና ልጅ ነው፣ ባርኔጣው ይሰፋል።
ደንቡን በቃሉ አወረደው፦
"ከደሴቲቱ ምንም አይወሰድ፣
ዛጎልም ቢሆን፣ ላባም ቢሆን፣ የደረቀ ግንድ፤
ይዛችሁ ከመጣችሁትም እዚያ አይቅር አንድ።"

ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ አልሰሙትም፤
ወይም ሰምተውታል፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ።
ኦዜላ ድሬይተን፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፤
በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጭናቸው ላይ፣
እንደ ዕንቁላል ይዘውታል በሁለት እጃቸው።

ረግረጉን በእንጨት ድልድይ ተሻገርን።
ሸርጣኖቹ፣ አንድ ክንዳቸው ከሌላው የገዘፈ፣
ከሩቅ ኑ ኑ ይሉናል፤
ስንቀርብ፣ አበዳሪውን እንዳየ ባለዕዳ
ጉድጓድ ይገባሉ።

ከዚያ ጫካው።
ኦኮቹ ወደ ላይ አላደጉም፤
ጨው ያዘለው ነፋስ ጫፋቸውን ሲበላው
ወደ ጎን ሄደዋል፣
እንደ ደከመው ሰው በክርናቸው መሬት ተደግፈዋል፤
የዛፍ ሽበት ከየቅርንጫፉ ይወርዳል፣ ነፋስ በሌለበት ይወዛወዛል።

"ይህ ጫካ ባይኖር" አለ ዌንደል፣
"ማዕበል ደሴቷን ጠርጎ ይወስዳት ነበር።"
እሳቸው አንዱን ግንድ መታ መታ አድርገው፣
"ይሄ የፓስተር ክሎቪስ ደጅ ነበር" አሉ፤
"እዚህ ጋ የውሃ ጉድጓድ፤ እዚያ የእናቴ ጓሮ፣
ስኳር ድንች፣ ሁለት አሳማ፣ አንድ ክፉ አውራ ዶሮ።"
አየሁ፤ አጭር ዘንባባ ብቻ።
ቅጠል፣ ጥላ፣ የአጋዘን ኮቴ።
"አንድ ቀን ወረቀት መጣ፤ ደሴቷ ትጠበቅ አሉ።
ከማን? ብለን ሳንጠይቅ
በጀልባ ጭነው ወሰዱን።"

ጫካው ድንገት አለቀና ብርሃኑ ዓይናችንን መታው።
አሸዋው ላይ አራት እንጨት፣ ብርቱካናማ ገመድ፤
የባሕር ኤሊ ጎጆ፣ ቁጥር አርባ አንድ።
"እናቲቱ" አለ ዌንደል፣
"ከሠላሳ ዓመት በኋላም ቢሆን
ወደ ተፈለፈለችበት ዳርቻ ተመልሳ ነው የምትጥል።
ማንም አያግዳትም፤ ሕግ አለ..."
የተናገረውን ጆሮው ሰማና
ዝም አለ።

መቃብሩ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ነው፤
አሥራ አንድ ድንጋይ፤
ላያቸው ላይ የተሰበረ ሳህን፣ የፋኖስ ብርጭቆ፣
አራት ከሩብ ላይ የቆመ ሰዓት፤
ሟች በመጨረሻ የነካውን ሰብሮ እዚያ መተው
የነሱ ወግ ነው፣ የጥንት።

ጋዜጣውን ፈቱት። ሰማያዊ ኩባያ፣ ጆሮው የወለቀ።
"የወንድሜ የራይሊ ነው። ጥር ላይ ሞተ።
እሱን እዚህ መቅበር አልፈቀዱም፤ ከተማ ቀረ፤
ኩባያው እንኳ ይምጣ ብዬ ነው።"

ዌንደልን አየሁት። ደንቡን ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።
ቀስ ብሎ ወደ ባሕሩ ዞረ፤
"ፔሊካኖቹ ዛሬ በዝተዋል" አለና
ጮክ ብሎ፣ አንድ ሁለት እያለ መቁጠር ጀመረ።
ሰማዩ ላይ ሦስት ብቻ ነበሩ፤
እሱ እስከ ሃያ አራት ቆጠረ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ድልድዩ ዳር፣
የጫማችንን አሸዋ በብሩሽ አራገፍን፤
ኪሴ ውስጥ የነበረች አንዲት ዛጎል
ማንም ሳያየኝ መለስኳት።

ወይዘሮ ኦዜላ ትኬታቸውን እያገላበጡ፣
"ልጄ፣ መሄጃውን ብቻ ብገዛ፣ ዋጋው ስንት ነው?"
"መሄጃ ብቻ የለንም፤ የምንሸጠው ደርሶ መልስ ነው።"
"አውቃለሁ" አሉና ሳቁ፤
"ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ ሠራተኛው ይለዋወጣላ።"

ሞተሩ ተነሣ። ባዶውን ጋዜጣ አራት ላይ አጥፈው
ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።
ቀኝ እጃቸው ግን እስከ ወደቡ እንደ ተጨበጠ ነበር፤
የኩባያው ጆሮ ይመስለኛል።
አልጠየቅኋቸውም።