መዋጮ

ኤልያኪም ገንዘብ ያዡ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
የበጀቱን ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ከፋፍሎ፣
ከጣሪያ ጥገናው በታች፣ ከወንበር ግዢው በላይ፣
ድንገት ቆመ አንዲት መስመር ላይ።
«የርዕሳነ መምህራን ማኅበር መዋጮ... ተናኜ፣ ይህቺ ምን ታመጣ?
ጣሪያው ያፈስሳል፤ እሷ ትውጣ።»

በመስኮቱ ሃይፋ ደረጃ በደረጃ ወደ ባሕሯ ትወርዳለች፣
ወደቡ ላይ አንዲት መርከብ ተራ ትጠብቃለች።
ምን ልበለው? ቁጥር ይፈልጋል፣ ቁጥር የለኝም፤
ያለኝ አንድ ሌሊት ነው፣ እሱ ደግሞ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። የመምህራኑ ክፍል ስገባ ሳቁ ይቆማል፣
ማንኪያው ብርጭቆ ውስጥ ይተኛል።
ለቦርዱ ተቀጣሪ ነኝ፣ ለመምህሩ አለቃ፣
ለወላጁ የሚከፍልበት ዕቃ።
አሥራ ዘጠኝ ቋንቋ በሚወራበት ግቢ
እኔ የማወራው ሰው አጣሁ።

የዚያን ዕለት የፊዚክስ መምህሬ በዓመቱ አጋማሽ ጥሎኝ ሄደ፤
ቁጣዬ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ወለደ።
መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ሞተር ሳላስነሳ፣
ጭኔ ላይ የታሸገ ፖስታ፣ እንደ ድንጋይ የማይነሳ።

ስልኩ ጮኸ። የናዝሬቷ ኑሃ። አንዴ ብቻ ነው የተያየን፣
አኮ ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለች ክፍል፣ በስብሰባ ጎን ለጎን ተቀምጠን።
«ስንት ሰዓት ነው እንዳትይኝ፤ ወሬው ደርሶኛል።
ደብዳቤውን ጽፈሻል፣ አይደል?»
«ጽፌአለሁ።»
«እኔም ጽፌ ነበር፣ በሦስተኛው ዓመቴ። ላክሁት።
እስከ ዛሬ ያንን ሰው ሳየው መንገዱን ተሻግሬ ነው የማልፈው።
ዛሬ አትላኪ። መሳቢያ ውስጥ አሳድሪው።»
አሳደርኩት። ጠዋት ስከፍተው የሌላ ሰው ጽሑፍ መሰለኝ፤
ሦስቱ ገጽ አራት መስመር ሆነ።

መላእክት አይደለንም። ስለ ፈተና ተጣልተን ኑሃ ሻይዋን ጥላ ወጥታለች።
ሲስተር ቪንቼንዛ ሪፖርቷን እስክትጨርስ
ከታች ያለው ዳቦ ተጋግሮ፣ ተሸጦ ያልቃል።
ግን በስድስት ዓመት አራት ትምህርት ቤት የቀየረ ልጅ ሲመጣብኝ፣
ማኅደር የለው፣ ምስክር የለው፣
የኢየሩሳሌሙ ሃጎፕ ስሙን ሰምቶ
«እሱማ ግራኝ ነው፤ መስኮት ዳር ካላስቀመጥሽው አያነብም» አለኝ።
ደግሞ የአደጋው ደወል በጮኸበት ሳምንት፣
መቶ ስልሳ ልጅ ከመሬት በታች ይዤ፣
የዲትማር ወረቀት ነበረች በእጄ፦
መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ ስም ጥሪ፣ ከዚያ እንቆቅልሽ።
ርዕሰ መምህሯ በሩ አጠገብ ትቁም፤ ልጆች የሚያነቡት ፊቷን ነው።
ያቺን ወረቀት ማንም አይሸጣትም። እሱም የጻፋት አንዴ ተሳስቶ ነው።

አባቴ በኪርያት ያም የዕድሩ ሣጥን ጠባቂ ነበር፤
«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይል ነበር፣ ሳንቲም ሲቆጥር።
ዕድር ለቀብር ነው፣ አባዬ፤
ይሄኛው ለማክሰኞ ጠዋት።

«ታዲያ?» አለ ኤልያኪም፣ እስክሪብቶው አየር ላይ።
«ከሥሯ ያለውን ሰርዝ» አልኩት። «የቢሮዬን አዲስ ወንበር።»
ቅንድቡን አንስቶ ሰረዘ።

አሮጌው ወንበሬ ስደገፈው ያቃስታል፤
ዛሬ ማታም አቃሰተ፣ ስልኩን ላነሳ ስዞር።
ከኤይላት ነው፤ አዲሱ ወጣት፣ ስሙን እንኳ በወጉ አልያዝኩትም።
ድምፁ ከመኪና ውስጥ ይመጣል፤ ሞተሩ አልተነሳም።
«ጻፍከው?» አልኩት።
«ጻፍኩት።»
«ላክኸው?»
ዝም አለ። ከጀርባው ባሕር ይሰማኛል።