አርባ ሦስተኛው መስመር

የዕድሩ ጸሐፊ፣ እኔ ነኝ መዝጋቢ፤
ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሰባት፤ ጋሽ ወልደ ሰንበት ሰብሳቢ።
ካንድ ቀበሌ ነቅለን፣ ተያይዘን የመጣን፣
ካንድ ወንዝ የጠጣን፤
ግማሹ እዚህ ቀርቶ፣ ግማሹ ማዶ ሄዶ፣
በየወሩ ብር ይልካል፣ ካስተያየት ጋር አዋህዶ።

የለቅሶ ድንኳኑን እግር አንዳርጌ ነው የበየደ፤
ሒሳቡን ተቀብሎ ከደጅ ተመልሶ ሄደ።
ዕድር ልግባ ካለን ዓመት ስድስት ሆነው፤
«እናጣራ» አልነው።
ማጣራት ምን እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል፤
አገር ቤት ይደወላል፣ ቅድመ አያት ይጠየቃል፤
«የቀጥቃጭ ዘር፣ ዐይኑ የማይታመን» ይባላል፤ ያልቃል።

ስብሰባው ላይ ማንም «አይግባ» አላለም፤ ጨዋ ነን።
ዝም አልን፤
ስለ ወንበር ኪራይ ቀጠልን።
አርባ ሦስተኛውን መስመር ባዶ አስቀረሁ፤
በአርባ አራት ሌላ ሰው ጻፍኩ፣ እጅ ጽሕፈቴን አሳመርሁ።
እህቴ አስካለ ከሽቱትጋርት በድምፅ መልእክት፦
«ከሱ ጋር ከምታቀላቅሉኝ የኔን ስም ሰርዙት!»

ታዲያ ባለፈው ጾም ደውላ፣ ስለ ብርዱ ስትነግረኝ፣
ስለ ጉልበቷ ሕመም ስታወራኝ፣
በመሃል፣ ሳታስበው፣
«ባቡር ላይ» አለች፣ «አጠገቤ ያለው ወንበር ሁሌ ባዶ ነው።
ቆመው ይሄዳሉ እንጂ ጎኔ አይቀመጡም» አለች፤
ሳቀች፤ ወዲያው የበርበሬ ዋጋ ጠየቀች።

በርበሬውን አልሰማሁም። ወንበሩን ግን አየሁት፤
ቁጥር ነበረው፤ አወቅሁት።
ለሷ አልነገርኳትም። ፈራሁ።
«ኔትወርክ የለም» ብዬ ዘጋሁ።

ሌሊት መዝገቡን ገለጥኩ፤ ማንንም አላስፈቀድኩ፤
«አንዳርጌ» ብዬ ጻፍኩ።
ቀጥሎ «የአባት ስም» የሚል ዓምድ አለ፤
እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ተንጠለጠለ።
ሰባት ቤት ቆጥረን ነበር እኮ፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፤
አንድ ሰው አልጠየቀም የወላጅ አባቱን።

ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ፤ በሩን አንኳኳሁ።
«ማን ሞተ?» አለኝ ደንግጦ፣
የሸሚዙን ቁልፍ አዛብቶ ቆልፎ፣ ጫማውን ለማድረግ ተቀምጦ።
(ላልጠራነው ለቅሶ ሊነሳ!)
«ማንም አልሞተም» አልኩት፣ ድምፄ አንሳ።
«ያባትህ ስም ማነው?»
ዐይኔን ዐየው። ያን የሚፈሩትን ዐይን ያኔ ነው የዐየሁት፤ እንቅልፍ ያጣ ዐይን ነው።
«ይፍሩ» አለኝ።

ይፍሩ።
ስሙን ሳናውቅ ስንፈራ ኖርን።
«ውዝፍ አለብኝ?» አለ በሩ ላይ፣ ልሄድ ስል።
ማን ላይ እንዳለ መናገር አቅቶኝ ወረድኩ ደረጃውን ሳል ሳል።

ጻፍኩት። ቀለሙ ከላይ ካለው፣ ከታች ካለውም ይለያል።
እሑድ ስብሰባ አለ፤ ሰብሳቢው ያያል።