ጡት መጣል

አስራ ስምንተኛው ከረጢት ጠብ ጠብ ብሎ አለቀ፤
ጉኒላ ጥጥ ያዘች፣ መርፌው ከክንዴ ላይ ተላቀቀ።
«በቃ፣ ጨረስሽ!» አለች፣ እንደ ልደት አጨብጭባ፤
እኔ ግን ክንዴን እንደዘረጋሁ ሆዴ ባባ።
በየሦስት ሳምንቱ፣ እዚህ ወንበር ላይ፣
የጎተንበርግን ዝናብ በመስኮት ሳይ
ዓመት አለፈ። መርዝ ነው ስል ለመድኩት፣
ዘበኛ ነው ስል አመንኩት፤
ማለቁ ያስፈራኛል ብዬ ግን መች ጠረጠርኩት?

ኤልዳናን ጡት ያስጣልኳት ሬት ቀብቼ ነበር።
ቀመሰች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ሳታለቅስ፣ ሳትናገር፤
ያ አስተያየቷ ዛሬም አለ፣ አስራ ሰባት ዓመት ሳይሻር።
ያ ጡት አሁን የለም። ግራው። ከነሬቱ ሄደ።
ገላዬ ነው ዛሬ ሕፃኑ፣ ከከረጢት የተላመደ።
ለእኔስ ማን ሬት ይቀባል?

ዶክተር ኡልሪካ ግን ሌላ ነገር ይዛለች፤
«ብትፈልጊ የሚቀጥል አለ» አለች፤
«ክኒን ነው፣ በቀን ስድስት፣ ለአንድ ዓመት ያህል፤
ግዴታ የለብሽም፣ ምርጫው ያንቺ ይሆናል።»
ምርጫ!
እናቴ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ያዘዟትን ዋጠች፤
«አንቺስ ምን ትያለሽ?» ቢሏት ኖሮ
«ይሄስ አያውቅም» ብላ ጥላው በወጣች።

ወረቀት ሳበች፣ መቶ ነጥብ የታተመበት፤
ሦስቱን በሰማያዊ እስክሪብቶ ከበበችበት።
«ከመቶ ሴቶች ምናልባት ለሦስቱ
እንዳይመለስ ያግዛል በሽታው።
ለቀሩት፣ ቢውጡም ባይውጡም ያው ነው።»
«ሦስቱ እነማን ናቸው?»
«አናውቅም።»
«ጉዳቱስ?»
ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ተቅማጥ። ብርቱ ነው፤
የመጀመሪያው ወር በተለይ።»
ሳቅ አመለጠኝ፣ ሳላስበው።

ትራም ነው የምነዳው። አስራ አንድ ቁጥር።
ከባሕሩ ጠርዝ ተነስቼ እስከ ኮረብታው መንደር
አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር።
ትራም ደግሞ ጥግ አይዝም፣ ሐዲዱ ያው አንድ ነው፤
ሆድሽ ቢቆርጥ፣ ላብ ቢያጠምቅሽ፣
ከኋላሽ ሌላ ትራም ነው።

በማግስቱ ብሩንስፓርከን ላይ በሩን ከፍቼ ቆጠርኩ።
መቶ ሲሞሉ ዘጋሁና በመስታወት አማተርኩ፦
በላስቲክ ዓሣ የያዘ ሽማግሌ፣
ጋሪ የምትገፋ፣ ጎንበስ ብላ ለልጇ የምታዜም፣
ጆሮው ላይ ሙዚቃ የሰካ ጎረምሳ፣
ቆሞ የሚያንቀላፋ የሌሊት ሠራተኛ፣ ከነጓንቱ።
ከእነዚህ ሦስቱ።
የትኞቹ ናቸው ሦስቱ?
ግንባራቸው ላይ አልተጻፈም።
ሽማግሌው ድንገት ቀና ሲል ዓይኔን ሰበርኩ፤
ሊሰርቅ እንደተያዘ ሰው አፈርኩ።

ብርጊት፣ ጎን ለጎን ከረጢት የተሰቀለልን፣
«እኔ በአስረኛው ቀን ተውኩት» አለችኝ፤
«ዓመቱን ሽንት ቤት ከምቆጥር፣ ያለኝን ልዋኝበት።»
እውነቷን ነው። በጥቅምት ብርድ ትዋኛለች፤
ቀንቼባታለሁ።
የቤተ ክርስቲያኗ እትዬ ዘርፌ ደግሞ
«ለእግዜርም ትንሽ ሥራ ተይለት እንጂ» ትላለች።
እሷም እውነቷን ይሆናል።

ኤልዳና ግን «ውሰጂ» አላለችም፣ «ተዪ»ም አላለች።
ሌሊት ተነስታ የሥራ ቦርሳዬን ከፍታ
ከቁልፉና ከምሳ ዕቃው ሥር
ሁለት የውስጥ ልብስ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ አስቀመጠች።
ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት።
ቀና ብላ አየችኝ፣
ሳታለቅስ፣ ሳትናገር።

ሰኞ ወደ ዴፖው ቢሮ ገባሁ። ቅጽ አለ፣ መስመር ለሚቀይር።
አጭሩን መረጥኩ፣ በሁለቱም ጫፍ ሽንት ቤት ያለውን።
«ምክንያት» በሚለው ፊት ትንሽ ቆየሁ፣
እስክሪብቶው ቀለሙን እስኪያደርቅ።
ከዚያ እንዳለ ጻፍኩት፦ ሽንት ቤት።
ፔር ሁለት ጊዜ አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ፤
ጉሮሮውን ጠራረገ፣
ምንም ሳይል ፈረመ።