ዘር ስጠኝ

የጄኔሬተሩ ሰው ነኝ፣ ሸምሱ ነው ስሜ፤
ናፍጣ ናፍጣ ይላል ካፖርቴም ሕልሜ።
ጅማ ላይ ሲዘንብ መብራት አይታመንም፣
ደመና ከጅሬን ሲወርድ ዓይኔን አልከድንም።

መኪያ አባ ቡልጉ የምትባል ተማሪ፣
የቦዬ ረግረግ ዓሣ መርማሪ፣
ጣት የማታህል ዓሣ፣ ማንም የማይበላት፣
ከክንፏ ቆንጥራ ለውሃው የምትመልሳት፣
ሌሊት ግን ኮምፒውተር ፊት ወንበር ስባ ቁጭ ብላ
ሥጋ የሌለው ዓሣ ታራባለች፣ አጥንት የሌለው ገላ።

«ምንድን ነው?» አልኳት አንድ ማታ፣ ሻይ ይዤላት ገብቼ።
«አራት ፊደል ነው» አለች፣ «እኔ ደርድሬ፣ አዛብቼ፤
እናት ለልጇ ስትገለብጥ አልፎ አልፎ ትስታለች፣
ስህተቱ ከበጀ ይቆያል፤ ካልሆነ ልጅቷ ይዛው ትሞታለች።»

እኔ አባቶቼን ስቆጥር ሰባት ላይ ያበቃል፤
ይህ ሳጥን እስኪነጋ አሥር ሺህ ትውልድ ይዘልቃል።

የፈለገችው አንድ ነው። ድሮ ረግረጉ ሲደርቅ፣
ስንት ዓሣ ተረፈ? ያንን ማንም አያውቅ።
መቶ ብላ ትጀምራለች፤ የመጨረሻ ልጆቻቸው
የዛሬዎቹን አይመስሉም፣ ሰፋ ይላል ዓይነታቸው።
አርባ ትላለች። አሁንም ሰፊ። ሃያ። እንደዚያው።
አሥራ ሁለት ስትል ገጠመ፣ የማሽኑ ዓሣ ከሕያው።

አሁን በቦዬ ሳልፍ፣ ሰው ጉማሬ ሲያይ ቆሞ፣
እኔን ጭቃው ነው የሚታየኝ፣
አሥራ ሁለት ነፍስ ተጠጋግቶ ከርሞ።

«ሸምሱ፣ ዘር ስጠኝ» አለችኝ ባለፈው ሐሙስ ማታ።
እጄ መታወቂያዬ ኪስ ገባ፣ ሳላመነታ።
ኬላ ላይ ዘሬን የጠየቀኝ ልጅ መሣሪያው ከእሱ ይረዝም ነበር፤
ያን ሌሊት ያደርኩት ከጭነት መኪና ሥር።
ሳቀች። «ቁጥር ነው የምልህ! ዕጣው የሚነሳበት ቁጥር፤
ያንኑ ዘር ከሰጠሁት ያንኑ ዓለም ነው የሚፈጥር።»

«አርባ ሦስት» አልኳት።
ለምን አላለችም፤ እኔም አልነገርኳት።
የሚስቴ የዘሐራ አልጋ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ጋ፤
ሐሙስ ለዓርብ ነው የሄደችው፣ ሊነጋ ሲል፣ ሳይነጋ።

ዘጠኝ ሺህ ትውልድ ላይ ሲደርስ መብራት እልም አለ።
ዝናብ ውስጥ ሮጥኩ። ገመዱን ሳብኩት፤ ሳለ። ደግሜ ሳብኩት፤ ሳለ።
በአራተኛው ተነሣ። እሷ ጋ ግን ሁሉም አልቋል፤
ስንት እናት፣ ስንት ልጅ፣ ከጥቁሩ መስታወት ጀርባ ወድቋል።

ይቅርታ ልል ስገባ እያዛጋች ናት።
አርባ ሦስትን መልሳ ጻፈች፤ በቃ፣ ይኸው ናት።
«ተመለሱ» አለች። አንድ በአንድ፣ በየተራቸው፣
ስህተታቸው በቦታው፣ ሞታቸውም በቀናቸው።

በሩ ላይ ቀረሁ፣ ከካፖርቴ ውሃ እየተንጠባጠበ።
እሷንም በዚያው ዘር፣ ከሀ ቢጀምሩልኝ፣
በዚያው ሐሙስ፣ በዚያው መስኮት፣ መልሰው ሊወስዱብኝ?
ግን ሂርማታ ገበያ፣ ዣንጥላዬ ሥር ስትገባ የነበረው ዶፍ
እሱም በሰዓቱ ይወርዳል ማለት ነው፣ አንዲት ጠብታ ሳትተርፍ።

«ሌላ ዘር ልሞክር?» አለች መኪያ።
«ነገ» አልኳት፤ «ዛሬ ይቺ ትሂድ፣ እስኪነጋ።»
ወጣሁ። ቋቱን እስከ አፉ ሞላሁት፣ በባትሪ እያየሁ፤
ጀሪካኑን አቅፌ ቁጭ አልኩ፣ ከሞተሩ ጋ።